ሴንሰሩን ወይስ ሌንሱን?

አንድ ወዳጄ ሁለት ፎቶ ላከልኝ። የፋይሎቹን ስም ቀይሯል፤ ካሜራውን የሚያሳውቀውን መረጃ ከውስጣቸው አጥፍቷል፤ ሁለቱንም በአንድ ልክ ቆርጦ ወደ አንድ መጠን አሳንሷቸዋል። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «አንዱ የፉል ፍሬም ነው፣ ሌላው የማይክሮ ፎር ቴርድስ። የቱ የቱ እንደሆነ እስቲ ለይልኝ።» ሁለቱም ስሞች የሴንሰር፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ መጠኖች ናቸው፤ ፉል ፍሬም ትልቁ፣ ማይክሮ ፎር ቴርድስ ትንሹ።

ፎቶው ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ያለ የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው። አጉልቼ ጥላ ጥላውን ፈተሽኩ፤ ኖይዙ (ፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚረጨው ነጠብጣብ) አንድ ነው። ከፊት ባለው መጽሐፍ ላይ የታተሙትን ፊደላት አየሁ፤ ጥራታቸው አንድ ነው። ከኋላ ያለው የመስኮት ጠርዝ የደበዘዘበት ልክ እንኳ አንድ ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የማይክሮ ፎር ቴርድሱ 17.3 በ13፣ ማለትም 225 ካሬ ሚሊ ሜትር። ታዲያ አራት እጥፍ የሚጠጋው ሴንሰር ብልጫው የት ገባ? ይህ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ብዙ ሰው ያለውን ሌንስ ሁሉ ሸጦ ሲስተም (ካሜራውንና ለእሱ የተሠሩትን ሌንሶች) የሚቀይረው ያ ብልጫ በየፎቶው ላይ የሚገኝ መስሎት ነውና።

መልሱ የመጣው የተነሱበትን ቁጥር ሲልክልኝ ነው። ቁጥሮቹ በተራ የሌንሱ ፎካል ሌንግዝ (ምን ያህል አቅርቦ እንደሚያሳይ)፣ የኤፍ ቁጥር (የቀዳዳው አከፋፈት)፣ ሹተሩ፣ ማለትም የብርሃኑ መዝጊያ፣ ተከፍቶ የቆየበት ጊዜና አይኤስኦ (ፎቶው እንዲደምቅ የሚደረግበት ልክ) ናቸው። ትንሹ ካሜራ፦ 25 ሚ.ሜ.፣ ኤፍ 4፣ 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 800። ትልቁ ካሜራ፦ 50 ሚ.ሜ.፣ ኤፍ 8፣ 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 3200። ወዳጄ ትልቁን ካሜራ አልበደለውም። ሁለቱም የፊቱን መጽሐፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት አድርገው እንዲያነሱ ነው የፈለገው፤ ለዚያ ደግሞ ትልቁን ወደ ኤፍ 8 ማጥበብ ግድ ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

የኤፍ ቁጥር ፎካል ሌንግዙ ለሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ለማወቅ ማካፈሉን መገልበጥ ይበቃል። 25 ለ4 ሲካፈል 6.25 ሚሊ ሜትር። 50 ለ8 ሲካፈልም 6.25 ሚሊ ሜትር። ሁለቱም ካሜራዎች ከአንድ ቦታ፣ ያንኑ መደርደሪያ፣ ለ1/125 ሰከንድ፣ በእኩል ቀዳዳ ተመለከቱ። ከመጻሕፍቱ ተነስቶ ወደ ካሜራው የገባው ብርሃን እኩል ነው ማለት ነው። ትልቁ ሴንሰር ያንን ብርሃን አራት እጥፍ በሚጠጋ ስፋት ላይ ዘረጋው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የደረሰው ሩብ ያህል ብቻ ሆነ፤ ፎቶው እኩል እንዲደምቅ አይኤስኦው በአራት ተባዛ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ኖይዙ እኩል የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥላ ውስጥ የምናየው ኖይዝ በአብዛኛው ከብርሃኑ ማነስ የሚመጣ እንጂ አይኤስኦ የፈጠረው አይደለም። ብርሃን በፎቶን በፎቶን ተቆጥሮ ይደርሳል፤ የቁጥሩ መዋዠቅም የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ያህል ነው። 10,000 ፎቶን ከደረሰ መዋዠቁ 100፣ ማለትም አንድ በመቶ። 2,500 ከደረሰ መዋዠቁ 50፣ ማለትም ሁለት በመቶ። ብርሃኑ በአራት ሲቀንስ ኖይዙ በእጥፍ ጎልቶ ይታያል። በጣም ጨለማ በሆነው ቦታ ላይ የኤሌክትሮኒክሱ የራሱ ኖይዝ ይጨመርበታል፣ እዚያም የሴንሰሩ ትውልድ ለውጥ ያመጣል፤ ዋናው ሒሳብ ግን የፎቶኖቹ ነው።

ስለዚህ «ትልቅ ሴንሰር በጨለማ ንጹሕ ፎቶ ያነሳል» የሚለው አባባል ግማሹ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ነው። ሙሉው እንዲህ ይላል፦ ትልቅ ሴንሰር በጨለማ ንጹሕ ፎቶ የሚያነሳው ሰፋ ያለ ቀዳዳ ስትከፍትለትና አብሮ የሚመጣውን ቀጭን የትኩረት ጥልቀት (ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየውን ርቀት) ስትቀበል፣ ወይም ሹተሩን ማዘግየት ስትችል ነው። የትኩረት ጥልቀቱንም የሹተሩንም ፍጥነት መልቀቅ የማትችል ከሆነ፣ በተቀራራቢ ትውልድ ሴንሰሮች መካከል የሚቀረው ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ዲፍራክሽንም (ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ተበታትኖ ፎቶውን ማደብዘዙ) ከዚህ ሒሳብ አይወጣም። «ትንሽ ሴንሰር ከኤፍ 8 በኋላ ይደበዝዛል፣ ትልቁ ግን እስከ ኤፍ 16 ይችላል» ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፤ ግን ትንሹ በኤፍ 8 የሚሰጠውን የትኩረት ጥልቀት ትልቁ የሚሰጠው በኤፍ 16 ነው። እኩል ጥልቀት ስንፈልግ እኩል ዲፍራክሽን እንከፍላለን። ኤፍ 4 ላይ የብርሃኑ ነጥብ ወደ 5.4 ማይክሮን ይሰፋል፣ ኤፍ 8 ላይ ወደ 10.7። ከየሴንሰራቸው ወርድ አንጻር ሁለቱም ከአሥር ሺህ ሦስት እጅ ገደማ ናቸው።

ይህን ማንም ራሱ ሊፈትነው ይችላል፤ ሁለት ካሜራ ለአንድ ቀን ማግኘት ይበቃል። ካሜራዎቹን ተራ በተራ አንድ ትራይፖድ ላይ፣ ሌንሱ ከዕቃው እኩል ርቀት ላይ እንዲሆን አድርጎ ማሰር። የትንሹን ፎካል ሌንግዝና የኤፍ ቁጥር በክሮፕ ፋክተሩ (ፉል ፍሬም ከዚያ ሴንሰር በሰያፍ ስንት እጥፍ እንደሚረዝም በሚነግረው ቁጥር) ማባዛት፤ አይኤስኦውን ደግሞ በክሮፕ ፋክተሩ ስኩዌር። ለማይክሮ ፎር ቴርድስ 2 እና 4 ነው። ለኒኮን፣ ለሶኒና ለፉጂ ኤፒኤስ-ሲ (በሁለቱ መካከል ያለ የሴንሰር መጠን) 1.5 እና 2.25። ለካነን ኤፒኤስ-ሲ 1.6 እና 2.56። ለምሳሌ በኤፒኤስ-ሲ 35 ሚ.ሜ.፣ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 800 የተነሳ ፎቶ ካሜራው ላይ ወዳሉት ቅርብ ቁጥሮች ሲጠጋ ፉል ፍሬም ላይ 50 ሚ.ሜ.፣ ኤፍ 6.3፣ አይኤስኦ 2000 ይሆናል። ሹተሩ አይነካም።

ፈተናው የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ጄፔግ (ካሜራው ራሱ አስተካክሎ የሚሰጠውን ፋይል) ካነጻጸርን የምናነጻጽረው የሁለት ካምፓኒዎችን ኖይዝ ማጥፊያ ነው፤ ሮው (ያልተነካው ጥሬ ፋይል) ያስፈልጋል፣ ሮው መክፈቻው ሳይጠየቅ የሚያደርገው ኖይዝ ማጥፋትም ዜሮ ላይ መቀመጥ አለበት። ሁለቱም ፎቶዎች ወደ አንድ የፒክሰል ብዛት ካልወረዱ፣ ባለ 45 ሜጋፒክሰሉ 100 በመቶ ላይ ሲታይ ያለ ጥፋቱ የባሰ ኖይዝ ያለው ይመስላል። ክፍሉ በኤልኢዲ መብራት ከበራ የብርሃኑ መርገብገብ በየፎቶው ይለያያልና የቀን ብርሃን ይሻላል። አይኤስኦ 800 ተብሎ የተጻፈውም በሁሉም ካሜራ ላይ አንድ ዓይነት ድምቀት አይሰጥም፤ ስለዚህ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ ሂስቶግራሙን (የድምቀቱን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ማመሳሰል ነው።

ብልጫው የሚወጣበት ቦታ

እዚህ ላይ «ስለዚህ የሴንሰር ስፋት ዋጋ የለውም» የሚል ሰው ካለ ነገሩን ወደ ሌላው ጫፍ ወስዶታል። ትልቁ ሴንሰር ትንሹ ጨርሶ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉት።

የመጀመሪያው ሌንሱ ወለል ተደርጎ የሚከፈትበት ቦታ ነው። የ50 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.4 ሌንስ ቀዳዳ 35.7 ሚሊ ሜትር ነው። ለማይክሮ ፎር ቴርድስ የተሠራ 25 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.2 ቀዳዳው 20.8 ነው፤ በፉል ፍሬም ቋንቋ 50 ሚ.ሜ. ኤፍ 2.4 ማለት ነው። በስፋት ሲሰላ የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይሰበስባል። በደብዛዛ አዳራሽ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ለሚያነሳ ይህ ብዙ ነው። ሁለተኛው ካሜራው በትራይፖድ ላይ ቆሞ የማይንቀሳቀስ ነገር የሚነሳበት ቦታ ነው። ትንሹ በኤፍ 4፣ በ1/60፣ በአይኤስኦ 200 የሚያነሳውን ትልቁ በኤፍ 8፣ በ1/8፣ በአይኤስኦ 100 ቢያነሳው ጥልቀቱ እኩል ሆኖ ወደ ስምንት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይይዛል። ጥላውን ስትከፍተው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። (ትንንሾቹ ካሜራዎች ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስተው አንድ የሚያደርጉበት ዘዴ ይህን ክፍተት ያጠብበዋል፤ ቅጠል በነፋስ እስካልተወዛወዘ ድረስ።)

ወደ ላይ ስንሄድም ያው ነው። 43.8 በ32.9 ሚሊ ሜትር የሆነው ሚድየም ፎርማት ከፉል ፍሬም በስፋት 1.67 እጥፍ ይበልጣል። ግን ለዚያ ሲስተም የተሠራው 63 ሚ.ሜ. ኤፍ 2.8 ቀዳዳው 22.5 ሚሊ ሜትር ነው። ፉል ፍሬም ላይ ያለው 50 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.4 ከዚያ የበለጠ ብርሃን ያስገባል። ሚድየም ፎርማት የሚመረጠው በቂ ብርሃን ባለበት፣ በዝቅተኛ አይኤስኦ ለሚሠራ ሥራ ነው፤ በምሽት ለሚሮጥ ሰው አይደለም።

ከእጅ አይሻል ዶማ

ሲስተም ሲቀየር በብዛት የሚታየው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ማይክሮ ፎር ቴርድስ ላይ 12-40 ሚ.ሜ. ኤፍ 2.8 ነበረው። ይህን ሸጦ ፉል ፍሬም ይገዛል፤ ገንዘቡ በካሜራው ስላለቀ ከካሜራው ጋር የሚመጣውን ቀላል 28-60 ሚ.ሜ. ኤፍ 4-5.6 ይይዛል። አሁን ቀዳዳዎቹን እናስላ። አዲሱ ሌንስ 60 ሚ.ሜ. ላይ በኤፍ 5.6 ሲከፈት 10.7 ሚሊ ሜትር። አሮጌው 30 ሚ.ሜ. ላይ በኤፍ 2.8 ሲከፈት 10.7 ሚሊ ሜትር። አንድ ናቸው። ጥልቀቱም፣ ብዥታውም፣ በጨለማ ያለው ኖይዝም ያው ነው፤ የፎካል ሌንግዙ ስፋት ግን በሁለቱም ጫፍ ጠበበ። 24-105 ሚ.ሜ. ኤፍ 4 ቢገዛ ደግሞ ያተረፈው አንድ ስቶፕ (እጥፍ ብርሃን) ብቻ ነው፤ ያንን አንድ ስቶፕ በክብደት ከፍሎበታል።

በተቃራኒው ያለው ስህተትም አለ፦ ትንሽ ሴንሰር ሁልጊዜ ቀላል ነው የሚለው። ለፖርትሬት የሚወደዱትን ሁለት ሌንሶች እንውሰድ። የሶኒ ኤፍኢ 85 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 ለፉል ፍሬም የተሠራ ሲሆን 371 ግራም ይመዝናል። የፉጂ ኤክስኤፍ 56 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.2፣ የመጀመሪያው ሞዴል፣ ለኤፒኤስ-ሲ የተሠራ ሲሆን 405 ግራም ነው። የሁለቱም ቀዳዳ 47 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሁለቱም ወደ ስድስት ሳንቲ ሜትር የትኩረት ጥልቀት ይሰጣሉ፦ የቅርቡ ዐይን ከተያዘ ጆሮው መደብዘዝ ይጀምራል። አንድ ዓይነት ፎቶ ነው፣ ቀላሉ ሌንስ ግን የትልቁ ሴንሰር ሆነ። ምክንያቱ ጂኦሜትሪ ነው። ኤፍ 1.2 ላይ ብርሃኑ ወደ ሴንሰሩ የሚገባው በጣም ሰፊ በሆነ ማዕዘን ነው፤ ያንን ጠርዝ ላይ ያለ ጨረር ወደ አንድ ነጥብ ለመሰብሰብ ተጨማሪ ብርጭቆ ያስፈልጋል። የፉጂው 11 ብርጭቆ አለው፣ የሶኒው 9።

ትንሹ ሴንሰር በክብደት የሚያሸንፈው ትንሽ ቀዳዳ ሲበቃን ነው፤ በተለይ በረጅም ሌንስ። የኦሊምፐስ 300 ሚ.ሜ. ኤፍ 4 ከትራይፖድ ማሰሪያው ጋር 1475 ግራም ነው፤ የሚያሳየው ማዕዘን የ600 ሚ.ሜ. ፉል ፍሬም ነው። የሶኒ 600 ሚ.ሜ. ኤፍ 4 ደግሞ 3040 ግራም። ሰዎች ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይገረማሉ፤ ግን አንዱ የ75 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሌላው የ150 ነው፣ በብርሃን አራት እጥፍ። በትክክል የሚወዳደረው ኤፍ 8 የሆነ 600 ነው። ካነን በ2020 እ.ኤ.አ. 930 ግራም የሆነ 600 ሚ.ሜ. ኤፍ 11 ሲያወጣ ይህ ሒሳብ በተግባር ታየ፦ ፉል ፍሬም ላይም ቀዳዳው ሲጠብ ክብደቱ ይወርዳል። ወፍ ለማንሳት ተራራ ለሚወጣ ሰው 75 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ1475 ግራም ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ መቆየት መቻሉ ከአራት እጥፍ ብርሃን ሊበልጥበት ይችላል። በዚህ ላይ እኔ ሙሉ በሙሉ ከትንሹ ጎን ነኝ።

ስለዚህ ለመቀየር ያሰበ ሰው ከማንኛውም የካሜራ ግምገማ በፊት የራሱን ፎቶዎች ይመርምር። ያነሳውን ሁሉ ሳይሆን መርጦ ያስቀረውን። የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራሞች ፎካል ሌንግዝን፣ አፐርቸርን (የቀዳዳውን አከፋፈት) እና አይኤስኦን እየለዩ ይቆጥራሉ። ብዙዎቹ ፎቶዎች ኤፍ 5.6 እና ከዚያ በላይ፣ አይኤስኦም ከ800 በላይ ከሆኑ፣ ትልቅ ሴንሰር የሚሰጠው ጥቅም በትኩረት ጥልቀት ይበላል። ብዙዎቹ ሌንሱ በቻለው ሁሉ ተከፍቶ በከፍተኛ አይኤስኦ ከተነሱ ትልቁ ይጠቅማል፤ ያም ቢሆን የኤፍ ቁጥሩ ያው የሆነ ሌንስ አብሮ ከተገዛ ብቻ። ብዙዎቹ በትራይፖድ፣ በዝቅተኛው አይኤስኦ ከሆኑ ደግሞ ትልቁ ሙሉ ብልጫውን ይሰጣል። ለኅትመት ከሆነ ጭንቀቱ ያነሰ ነው፦ 20 ሜጋፒክሰል የሆነ 5184 በ3888 ፎቶ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 44 በ33 ሳንቲ ሜትር ይወጣል።

ታማኝነቱ ለቀለበቱ ነው ወይስ ለቋንቋው?

አንድ ሲስተም ውስጥ የሚያቆየን ካሜራው አይደለም። ካሜራ በጥቂት ዓመት ይተካል። የሚያቆየን ሌንሱ፣ ፍላሹ፣ ፊልተሩ፣ ከዚያም በላይ እጃችን ነው። የኒኮንና የካነን ሌንሶች ወደ ካሜራው ሲገቡ የሚዞሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ የዙምና የፎከስ ቀለበቶቻቸውም እንዲሁ። በአንዱ ለዓመታት የሠራ ሰው በሌላው ላይ የመጀመሪያ ሰሞን ወደ ውስጥ ሊያቀርብ ሲል ያርቃል። ይህ በየትኛውም የዋጋ ሠንጠረዥ ላይ አይጻፍም።

ግን ታማኝነት ለምን? የሁለቱን ካምፓኒዎች ታሪክ ጎን ለጎን ማየት ያስተምራል። ኒኮን የኤፍ ማውንቱን (ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጠምበትን ቀለበት) በ1959 እ.ኤ.አ. አውጥቶ ቀለበቱን ሳይቀይር ቆየ። ካነን ግን በ1987 እ.ኤ.አ. የኤፍዲ ማውንቱን ጥሎ ኢኤፍ የሚባለውን አመጣ፤ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የነበረውን ሜካኒካል ግንኙነት ሁሉ አውጥቶ በኤሌክትሪክ ብቻ ተካው። የኤፍዲ ሌንስ ከማውንቱ እስከ ፊልሙ 42 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፣ ኢኤፍ ካሜራ ግን 44 አለው፤ ስለዚህ መሐል ብርጭቆ ካልገባ በቀር ሩቁን ነገር ፎከስ ማድረግ አይችልም። በዚያ ጊዜ ታማኝ የሚባለው ኒኮን ነበር።

በ2018 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ወደ ፉል ፍሬም ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ሲገቡ ነገሩ ተገለበጠ። የ1987 የኢኤፍ ሌንስ በካነን አርኤፍ (አዲሱ ማውንት) ካሜራ ላይ ቀላል አዳፕተር (ማገናኛ ቀለበት) ብቻ ገብቶለት ኦቶፎከሱም አፐርቸሩም ይሠራል፤ ከመጀመሪያውኑ የሚነጋገረው በኤሌክትሪክ ነበርና አዳፕተሩ ሽቦ ከማገናኘት ያለፈ ሥራ የለበትም። የኒኮን ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች ግን ፎከስ የሚያደርጉት ካሜራው ውስጥ ባለ ሞተር በሚዞር ብሎን ነው። የኒኮኑ ኤፍቲዜድ አዳፕተር ያ ሞተር የለውም፤ ስለዚህ በኒኮን ዜድ ሚረርለስ ካሜራ ላይ በእጅ ብቻ ይሠራሉ። ቀለበቱን የጠበቀው ኦቶፎከሱን አጣ፣ ቀለበቱን የሰበረው ጠበቀው። ያ ሁለት ሚሊ ሜትር አንሶት የተጣለው የኤፍዲ ሌንስም ተነሳ፤ አብዛኞቹ ሚረርለስ ካሜራዎች ከማውንት እስከ ሴንሰር ከ16 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ስላላቸው ለአዳፕተር የሚሆን ቦታ ተገኘ። አፐርቸሩም ፎከሱም በእጅ የሚዞር በመሆኑ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

የሚያሳዝነው ጨርሰው የተተዉት ሲስተሞች ጉዳይ ነው። ሳምሰንግ የኤንኤክስ ሲስተሙን ተወው፤ ኒኮን 1 በ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ2018 ቆመ፤ የካነን ኢኤፍ-ኤም ከ2012 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ኖረ። የኢኤፍ-ኤም ሌንስ 18 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ አርኤፍ ካሜራ 20 አለው። ዳግመኛ በሁለት ሚሊ ሜትር። ይህ ግን እንደ ኤፍዲው ወደ ሌላ ካሜራ ሄዶ አይድንም፤ ፎከሱም አፐርቸሩም ያለ ኤሌክትሪክ አይንቀሳቀስም። ሌንሱ ምንም ሳይሆን፣ ብርጭቆው ጥርት ብሎ እያለ፣ የሚያናግረው አጥቶ ይቀራል።

ሌንስ ከመግዛቱ በፊት ዕድሜውን መገመት የሚፈልግ ሰው ራሱ ሊያይ የሚችላቸው ምልክቶች አሉ። ካሜራው ጠፍቶ የፎከስ ቀለበቱን ማዞር፤ ውስጡ ምንም ካልተንቀሳቀሰና ቀለበቱ ማቆሚያ ሳይኖረው ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ፎከሱ በሞተር ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲቀር ፎከስም ይቀራል። ከካሜራው ነቅሎ በኋላው በኩል ማየት፦ የኒኮን ጂ ሌንስ ሲነቀል አፐርቸሩ ይጠባል፣ ግን ትንሽ የብረት ምላስ ስላለው ያንን የሚገፋ አዳፕተር ይገኛል። የካነን ኢኤፍ ሌንስ ሲነቀል ወለል ብሎ እንደተከፈተ ይቀራል፤ መላው የጥልቀት ማሳያ ቁልፉን ተጭኖ ይዞ መንቀል ነው፣ አፐርቸሩ በተመረጠው ቁጥር ላይ ይቆማል። የአፐርቸር ቀለበት በራሱ አካል ላይ ያለው ሌንስ ከነዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ቀለበቱ ለካሜራው ምልክት ብቻ የሚልክ ኤሌክትሮኒክ አለመሆኑን ማረጋገጥ ግን ያስፈልጋል።

ማውንቱን ከሌሎች ጋር የሚጋራ ካምፓኒም መታየት አለበት። ሶኒ የኢ ማውንቱን ዝርዝር ለሌሎች ሌንስ ሠሪዎች የከፈተው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኤል ማውንትን ላይካ፣ ፓናሶኒክና ሲግማ በ2018 እ.ኤ.አ. አብረው ያዙት። አንዱ ቢወጣ ሌላው ይቀራል። ሶኒ ራሱ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረውን የሚኖልታ ኤ ማውንት በ2006 እ.ኤ.አ. ተረክቦ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤልኤ-ኢኤ5 አዳፕተር በብሎን የሚዞሩትን አሮጌ ሌንሶች የሚያንቀሳቅስ ሞተር ውስጡ አለው። በሁሉም ካሜራ ላይ ባይሠራም፣ ለአሮጌ ሌንስ ባለቤቶች ክብር የሰጠ ሥራ ነው እላለሁ።

አዳፕተሩን በካሊፐር

አሮጌ ሌንሱን ይዞ አዲስ ካሜራ ላይ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያማርረው «ሌንሱ ለዲጂታል አይሆንም» ብሎ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሌንሱ አይደለም፤ መሐል ያለው ቀለበት ነው። የአዳፕተር ውፍረት የሁለቱ ማውንቶች ርቀት ልዩነት ነው። ኤም42 (በመጠምዘዝ የሚገባ አሮጌ ማውንት) ሌንስ 45.46 ይፈልጋል፣ ሶኒ ኢ 18 አለው፤ ስለዚህ አዳፕተሩ 27.46 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ኒኮን ኤፍ ወደ ኒኮን ዜድ 30.5። ካነን ኢኤፍ ወደ አርኤፍ 24። ርካሽ አዳፕተሮች ብዙውን ጊዜ ሆን ተብሎ ትንሽ ያጥራሉ፤ ረጅም ቢሆኑ ሌንሱ ሩቁን ነገር ፈጽሞ ፎከስ አያደርግም፣ ደንበኛውም ይመልሰዋል። ሲያጥሩ ቀለበቱ የሩቁን ምልክት አልፎ ይሄዳል፣ ያ ለ50 ሚ.ሜ. ሌንስ ችግር አይደለም። ለቅርብ ፎከስ ሲባል ውስጣቸው እየተነጣጠለ የሚንቀሳቀስ ብርጭቆ ያላቸው ሰፊ ማዕዘን ሌንሶች ላይ ግን ጠርዙ ይበላሻል፤ ሌንሱ ዕቃው ሌላ ርቀት ላይ ያለ ስለሚመስለው ነው።

ላይካ ኤም ላይ የሚገቡ ሰፊ ማዕዘን ሌንሶች የተለየ ጉዳይ አላቸው። የኋላ ብርጭቋቸው ወደ ሴንሰሩ በጣም ይጠጋል፣ ብርሃኑ ጥግ ላይ በሰያፍ ይደርሳል፤ የሌሎች ካሜራዎች ሴንሰር ፊት ያለው ብርጭቆ ከላይካው ወፍራም ስለሆነ ጥግ ጥጉ ይደበዝዛል። አዳፕተር በመቀየር አይስተካከልም፤ እነሱን ለላይካ መተው ነው።

ከውፍረቱ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው መዝመሙ ነው። ምልክቱ ጠፍጣፋ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሲነሳ የግራው ጠርዝ ጥርት ብሎ የቀኙ ይደበዝዛል። ሌንሱ ይሁን አዳፕተሩ ለመለየት ካሜራውን 180 ዲግሪ ገልብጦ ያንኑ ግድግዳ ማንሳት አይረዳም፣ ሁለቱም አብረው ይዞራሉና፤ ሌላ ሌንስ በዚያው አዳፕተር ላይ ማስገባት ነው። ድብዘዛው በዚያው ጎን ከቀረ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው። ከዚያ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዞ ውፍረቱን አራት ቦታ ላይ መለካት፣ በየሩብ ዙሩ። አራቱም በ0.02 ሚ.ሜ. ውስጥ ከተቀራረቡ ጥሩ ነው። ከ0.05 በላይ ከተለያዩ፣ አዳፕተሩ በብሎን የተያያዘ ከሆነ ብሎኖቹን ፈትቶ በቀጭኑ ጎን በኩል ከቀለበቱ ሥር ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ማስገባት፣ ብሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ፣ እንደገና መለካት። ውስጡ የሚያብረቀርቅ ከሆነም ይኸው ሲፈታ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም መቀባት ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሌንሱ ድክመት አድርጎ የሚያየው የፎቶ መፍዘዝ ከዚያ ብረት የሚንጸባረቅ ብርሃን ነው። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅና ብናኙ ሳይጠረግ ግን ካሜራው ላይ አይገባም፤ የሚረግፈው ቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ነው።